የሳልሞን ዲኤንኤ ፊቴ ላይ ብወጋ ሴሌ ውስጥ ገብቶ ይባዛል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ዱባይ ነው። ጓደኞቼ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ "የሳልሞን ዲኤንኤ" የሚባል መርፌ ፊታቸው ላይ እየተወጉ ነው። ክሬምም አለው። ቆዳ ያድሳል ይላሉ። እኔ ግን ፈራሁ። የዓሣው ዲኤንኤ ሴሌ ውስጥ ገብቶ ከኔ ጋር እየተባዛ ቢቀርስ? በቅርቡ ልጅ ለመውለድ አስበናል፤ ወደ ልጄ ቢተላለፍስ? ወንድሜ አዲስ አበባ ባዮሎጂ ይማራል። "ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚለምዱት ዲኤንኤ እየተቀባበሉ ነው፣ የኛም ሴል መቀበሉ አይቀርም" አለኝ። ለመሆኑ ሴል የራሱን ዲኤንኤ ከባዕድ የሚለየው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌሎቹ የተንጠለጠሉት እሱ ላይ ነው። ሴል ዲኤንኤ አንስቶ «ይሄ የዓሣ ነው፣ ይሄ የሰው ነው» ብሎ አይለይም። ቢፈልግም አይችልም። የሳልሞኑም፣ ያንቺም፣ የጤፉም ዲኤንኤ በኬሚስትሪ አንድ ነው። አራቱ ፊደሎች ያው ናቸው። ፊደሎቹን የሚይዘው የስኳርና የፎስፌት አከርካሪም ያው ነው። ልዩነቱ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ያንን ሙሉውን አንብቦ ዝርያ የሚለይ መሣሪያ ሴል ውስጥ የለም።

ሴሉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ዲኤንኤው የተገኘው የት ነው? ጫፉ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? የቤቱን ምልክት ይዟል? ለመቀዳት የሚያስፈልገው ነገር አብሮት አለ? በነዚህ ጥያቄዎች ከወደቀ የራስሽ ዲኤንኤም ቢሆን እንደ ባዕድ ይታያል። ካለፈ ደግሞ የቫይረስ ዲኤንኤም እንደ ቤተኛ ይስተናገዳል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ሴል ውስጥ መግባት አንድ ነገር ነው። ኒውክለስ፣ ማለትም የሴሉ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ክፍል፣ መድረስ ሌላ ነው። መቀዳት ደግሞ ጭራሽ ሌላ። «ዲኤንኤ ገባ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያስበው።

ባዕድ ዲኤንኤ ሳሎን እስክትሄጂ አልጠበቀሽም። በየቀኑ ትበዪዋለሽ። ክትፎ ስትጎርሺ በሬውን ለመሥራት የሚበቃው ሙሉ መመሪያ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ አብሮ ይገባል። ሰላጣውም ሽሮውም እንደዚያው። ማብሰል ዲኤንኤን ይሰባብረዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚጨርሰው አንጀት ነው። ከቆሽት የሚመነጭ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፣ ሌሎች ኢንዛይሞች እስከ ነጠላ ፊደል ድረስ ይፈቱታል። ወደ ውስጥ የሚያልፈው በአብዛኛው ይኸው ፍርፋሪ ነው። ሰውነት ከፍርፋሪው ጥቂቱን ለራሱ ይጠቀምበታል፣ የቀረውን ያፈርሰዋል። ፒዩሪን የሚባሉት ሁለቱ ፊደሎች ሲፈርሱ ዩሪክ አሲድ ይሆናሉ። ሪህ ያለበትን ሰው ሐኪሙ «ጉበትና ሰርዲን ቀንስ» የሚለው በከፊል ለዚህ ነው። ዓሣ በልቶ ቅርፊት ያበቀለ ሰው የለም፤ አውራ ጣቱ ያበጠ ግን ሞልቷል።

ልጅ ስላሰብሽ አንድ ነገር ልጨምር። ስታረግዢ የጽንሱ ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ከእንግዴ ልጁ እየተላቀቀ ደምሽ ውስጥ ይዘዋወራል። ግማሹ ከባልሽ የመጣ ነው። ተመራማሪው ዴኒስ ሎ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከእናት ደም የጽንስን የክሮሞዞም ችግር የሚያጣራው ምርመራ የቆመው በዚሁ ግኝት ላይ ነው። በ1999 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያ ዲኤንኤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለኩ። በአማካይ በ16 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል፣ በሚቀጥለው 16 ደቂቃ የቀረው ግማሽ፣ እያለ ይሄዳል። ወራት ሙሉ በደሟ ሲዘዋወር የቆየው የሌላ ሰው ዲኤንኤ እናትየው ከወለደች በኋላ በሰዓታት ውስጥ ተጠርጎ ያልቃል። አንዳንድ ሙሉ የጽንስ ሴሎች እናት አካል ውስጥ ለዓመታት ሊቆዩ መቻላቸው እውነት ነው፤ እነሱ ግን ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ሴሎች ናቸው እንጂ የእናት ሴል የዋጠው ዲኤንኤ አይደሉም።

አሁን ወደ መርፌው። መርፌ አንጀትን ያልፈዋል፣ ስለዚህ «ምግብ ሌላ፣ መርፌ ሌላ» ብትዪኝ ልክ ነሽ። ቆዳ ሥር የገባ ዲኤንኤ መጀመሪያ የሚያገኘው በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። እዚያም፣ ደም ውስጥም ዲኤንኤ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ። እነዚህ እንዲያው ለይስሙላ የተቀመጡ አይደሉም። ከነሱ አንዱን የሚሠራው ጂን የተበላሸባቸው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የሚገኙ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ገና በለጋ ዕድሜ ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ እንደሚይዛቸው በ2011 ተዘግቧል። ያልተጠረገ ዲኤንኤ ሰውነትን በራሱ ላይ ያስነሳዋል።

ከመቆረጥ የተረፈው የሴሉን ሽፋን ይገጥማል። ሽፋኑ ቅባት ነው። ዲኤንኤ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ኔጋቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ረጅም ሞሌኪውል ነው። ቅባት ውስጥ ሰርጎ አያልፍም። ሴሉ በራሱ ጊዜ ከነፈሳሹ ሊውጠው ይችላል፤ የተዋጠው ግን ከረጢት ውስጥ እንደተዘጋ ወደ ሊሶዞም ይሄዳል። ሊሶዞም አሲድ ያለበት የሴሉ መፍጫ ነው። እዚያ ያለው ዲኤንኤ አብላሊ ምን ያህል ሥራ እንዳለበት ለማየት መቅኔሽን አስቢ። በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን ቀይ የደም ሴሎች ይመረታሉ። እያንዳንዱ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። የተጣለውን ማክሮፋጅ የሚባሉት ሴሎች ይውጡታል፣ ሊሶዞማቸው ይፈጨዋል። የጃፓኑ ሺጌካዙ ናጋታ ቡድን ይህን ኢንዛይም አይጦች ላይ ሲያጠፋ አይጦቹ ሳይወለዱ በከባድ የደም ማነስ ሞቱ። ልብ በዪ፤ የገደላቸው የራሳቸው ዲኤንኤ ነው። ያልተፈጨው ዲኤንኤ የጸረ ቫይረስ ማንቂያውን አስጮኸና ሰውነታቸው ደም መሥራት አቃተው።

ያ ማንቂያ በተለይ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው የሚጠብቀው፣ ከሴሉ ሽፋን እስከ ኒውክለስ ባለው ቦታ። በጤነኛ ሴል ዲኤንኤ ኒውክለስ ውስጥና የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ተከድኖ ነው የሚኖረው። ሳይቶፕላዝም ላይ ራቁቱን ከተገኘ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሲጋስ የሚባል ፕሮቲን ይህንን ይጠብቃል። ዳላስ የሚገኘው የጄምስ ቼን ቤተ ሙከራ ያገኘውና በ2013 ይፋ የሆነ ነው። ሲጋስ ፊደል አያነብም። የሚይዘው አከርካሪውን ነው። ስለዚህ የሳልሞን ይሁን፣ የሄርፒስ ይሁን፣ ካንቺው ሚቶኮንድሪያ ያመለጠ ይሁን ደንታው አይደለም። በቂ ርዝመት ያለው ባለ ሁለት ፈትል ዲኤንኤ ከያዘ አንዲት ትንሽ የመልእክት ሞሌኪውል ይሠራል። እሷ ስቲንግ የሚባለውን ፕሮቲን ታነቃለች፣ ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ይለቀቃል፣ ጎረቤት ሴሎችም ይነቃሉ። እዚያው አጠገብ ትሬክስ 1 የሚባል ኢንዛይም ያገኘውን የተረፈ ዲኤንኤ ከጫፍ እየላጠ ይጨርሳል። ትሬክስ 1 የጎደላቸው ሕፃናት ኤካርዲ ጉቲየር በሚባል ከባድ የአንጎል ሕመም ይሠቃያሉ። ምልክቱ በማህፀን ሳሉ ቫይረስ የያዛቸው ያስመስላል፤ ቫይረስ ግን የለም።

ይህ ሁሉ አልፎ አንድ ቁራጭ ተረፈ እንበል። ሳይቶፕላዝም በፕሮቲንና በክር የተጨናነቀ ነው። ከ2000 ጥንድ ፊደል የሚረዝም ዲኤንኤ እዚያ ውስጥ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ኒውክለሱ ደግሞ የራሱ ሽፋን አለው፤ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ነገር ያሳልፋሉ፣ ትልቁን ግን የመግቢያ ምልክት ይጠይቃሉ። ሽፋኑ የሚፈርሰው ሴሉ ሲከፈል ነው፣ እሱም ለአጭር ጊዜ። ኒውክለስ ውስጥ የገባ ባዕድ ዲኤንኤ እንኳ ብዙውን ጊዜ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ዝም እንዲል ይደረጋል።

አሁን ጥያቄሽን ወደምትመልሰው ነጥብ ደረስን፦ መቀዳት። ሴል ዲኤንኤ ስላገኘ ብቻ አይቀዳም። ከመከፈሉ በፊት፣ ገና ቅጂ ሳይጀመር፣ ክሮሞዞሙ ላይ በብዙ ሺህ ቦታዎች የፕሮቲን መሣሪያ ይጫናል። ጊዜው ሲደርስ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ ከዚያ መልሶ መጫን ይከለከላል። አንድ ቦታ ሁለቴ እንዳይቀዳ ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ። ተበጣጥሶ የገባ አጭር ቁራጭ ይህን መሣሪያ የሚያስጭን አቅም የለውም። ረጅም ቢሆንና አንድ ጊዜ ቢቀዳ እንኳ ሴንትሮሜር የለውም። ሴንትሮሜር ሴሉ ሲከፈል ክሮሞዞም የሚያዝበት እጀታ ነው። እጀታ የሌለው ዲኤንኤ ለሁለቱ ሴሎች በእኩል አይከፋፈልም፣ ጥቂት ከተከፈለ በኋላም ጠፍቶ ይቀራል። የሚቀረው አንድ መንገድ የተሰበረ ክሮሞዞም ሲጠገን መሀል ተሰክቶ መግባት ነው። ይሄ ይከሰታል፣ አልክድሽም። ግን ብርቅ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዲኤንኤውን በኬሚካል ሸፍነን፣ ሴሉን በኤሌክትሪክ ነዝረን አስገብተን እንኳ በቋሚነት ክሮሞዞም ውስጥ የሚሰካው ከሺህ ሴሎች በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው።

ወንድምሽ ስለ ባክቴሪያ ያለው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ነው የሳተው። በ1928 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ግሪፍዝ ሕይወት ያላቸው ጉዳት የለሽ የሳንባ ምች ባክቴሪያዎችን ከሞቱ ገዳይ ባክቴሪያዎች ጋር ቀላቅሎ አይጥ ወጋ። አይጧ ሞተች፤ ጉዳት የለሾቹ ገዳይ ሆነው ተገኙ። በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክሊዮድና ማክሊን ማካርቲ ከሬሳው ወደ ሕያው የተሻገረው ነገር ዲኤንኤ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ አዎ፣ ይቀባበላሉ። ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም። ሽፋኑን ያለፈ ዲኤንኤ ቀጥታ መቅጃው አጠገብ ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም ዲኤንኤ ከውጭ ጎትቶ የሚያስገባ የተሟላ መሣሪያ አላቸው። ሌሎቹ ፕላዝሚድ የሚባል ክብ ዲኤንኤ በቀጥታ ይተላለፋሉ፤ ፕላዝሚዱ መቀዳት የሚጀመርበትን ነጥብ ራሱ ይዞ ይዞራል። መድኃኒት መልመድ በብዛት የሚዛመተው በዚህ በኩል ነው።

ግን ባክቴሪያም ዝም ብሎ አይቀበልም። የዚህ ታሪክ ጅማሬ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ትንሽ ታገሺኝ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለትም ፋጅ፣ በአንድ የባክቴሪያ ዘር ላይ አድጎ ወደ ሌላ ዘር ሲዛወር ከ10,000 አንዱ ያህል ብቻ ነው የሚሳካለት። ያቺ የተሳካላት አንዷ ግን ልጆቿ ሁሉ በአዲሱ ዘር ላይ እንደልባቸው ያድጋሉ። ወደ ድሮው ዘር መልሰሽ አንድ ዙር ካሳደግሻቸው ደግሞ ችሎታውን ያጡታል። ጂናቸው ስላልተለወጠ ነገሩ ሰው አደናገረ። ስዊዘርላንዳዊው ወርነር አርበርና ተማሪው ዴዚ ዱሱዋ በ1962 ፈቱት። ባክቴሪያው በራሱ ዲኤንኤ ላይ በተወሰኑ ቦታዎች ትንሽ የኬሚካል ምልክት፣ ሜቲል፣ ያስቀምጣል። ያ ምልክት እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው፤ የሚሰጠው በምትኖሪበት ቤት እንጂ በተወለድሽበት ዘር አይደለም። መታወቂያ የሌለው ዲኤንኤ ሲገባ መቀስ የሆነ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። በለስ ቀንቶት ሳይቆረጥ የተቀዳ ፋጅ ግን በዚያው ቤት ምልክት ተመትቶበት ይወጣል።

ሃሚልተን ስሚዝ በ1970 ከእነዚህ መቀሶች የተወሰነ ቃል ላይ የሚቆርጥ አንዱን አጥርቶ አወጣ። ዳንኤል ናታንስ ለጂን ጥናት ተጠቀመበት። ሦስቱ በ1978 ኖቤል ተካፈሉ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ፍሪጅ የሚገኘው ኢኮ አር 1 የሚባለው መቀስ ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ የሚለውን ባለ ስድስት ፊደል ቃል ሲያገኝ ይቆርጣል። በዕድል ቢታሰብ ይህ ቃል በየ4096 ፊደሉ አንዴ ይመጣል። ላምዳ የሚባለው ፋጅ 48,502 ጥንድ ፊደል ርዝመት አለው፣ ኢኮ አር 1 አምስት ቦታ ይቆርጠዋል። መቀሱ ከቆረጠ በኋላ ጫፋቸው የተከፈቱትን ቁርጥራጮች ሌላ ኢንዛይም ከጫፍ ይዞ ይጨርሳቸዋል።

ክሪስፐር የሚባለው የባክቴሪያ መከላከያ ከዚህ ሌላ ነው፤ እሱ ያስታውሳል። በ2007 የእርጎ ባክቴሪያ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ከፋጁ ዲኤንኤ 30 ፊደል ያህል ቆርጦ የራሱ ዲኤንኤ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ፣ ያው ፋጅ ሲመለስም በዚያ እንደሚያውቀው አሳዩ። እንግዲህ ፊደል የሚያነብ መከላከያ ከፈለግሽ ይሄ ነው፤ የሚያነበው ግን ከዚህ በፊት ያጋጠመውን ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ጥበቃ ዋጋ አለው። ብዙ መድኃኒት የለመዱ የሆስፒታል ኢንቴሮኮከስ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ክሪስፐር የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። በሩን ክፍት ማድረጋቸው ጠቅሟቸዋል፤ ለኛ ግን ጠንቅ ሆነ። ባክቴሪያ ውስጥም ቢሆን መግባት ብቻውን አይበቃም። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ እንደ ጉድ የሚባዙት የተለመዱ የቤተ ሙከራ ፕላዝሚዶች ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ቢገቡ አይቀዱም። መጀመሪያ ነጥባቸውን የሚያውቅላቸው የለም። ለወንድምሽ ደግሞ ይቺን ንገሪው፦ የኛ ሲጋስ የሩቅ ዘመዱ ባክቴሪያ ውስጥ ፋጅ ሲከላከል ተገኝቷል። ከባክቴሪያ የወረስነው ነገር ካለ አንዱ ማንቂያው ነው።

ታዲያ የሰውን ሴል ማንም አያልፍም ማለቴ አይደለም። ቫይረሶች ያልፋሉ፤ እንዴት እንደሚያልፉ ሲታይ ነው የመከላከያው ጥንካሬ የሚገባሽ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤችፒቪ እዪው። ዲኤንኤው 8000 ጥንድ ፊደል ገደማ ነው። የሚገባው በፕሮቲን ቅርፊት ተሸፍኖ ነው። ሳይቶፕላዝም ላይ ራቁቱን አይወጣም፤ ከረጢት ውስጥ እንደተደበቀ ሴሉ እስኪከፈልና የኒውክለሱ ሽፋን እስኪፈርስ ይጠብቃል። ከዚያ መቀዳት እንዲጀመርለት የራሱን ፕሮቲን ይሠራል። ሴንትሮሜር ስለሌለው ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ሠርቶ ራሱን ከሰው ክሮሞዞም ጋር ያስራል። ሄፓታይተስ ቢ 3200 ጥንድ ፊደል ብቻ ይዞ የጉበት ሴል ኒውክለስ ውስጥ ክብ ሆኖ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ዝም የሚያሰኘውን የሴሉን ፕሮቲን የሚያስወግድለት የራሱ ፕሮቲን አለው። ኤችአይቪ እስከነጭራሹ ክሮሞዞም ውስጥ የሚሰካበትን ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። ከጂኖማችን 8 በመቶ የሚሆነው የጥንት መሰል ቫይረሶች ቅሪት ነው፤ ይህ ግን የብዙ ሚሊዮን ዓመታት ክምችት ነው።

ሐኪሞችም ሆን ብለው ሲሞክሩ ከቫይረስ ነው የሚበደሩት። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንድ የዘር ዓይነ ስውርነት የሚሰጠው የጂን ሕክምና ለአንድ ዓይን 150 ቢሊዮን የቫይረስ ቅርፊት ይወጋል። እያንዳንዱ ቅርፊት አንድ ጂን ይዟል። የገባው ጂን እንኳ አይባዛም፤ የሚሠራው የዓይን ሴሎቹ ስለማይከፈሉ ነው።

የሳልሞኑ ምርት ከነዚህ አንዱንም የለውም። የሚሠራው ከሳልሞን ወይም ከትራውት የዘር ፈሳሽ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ብዙም አይጻፍም። ፕሮቲኑ ይወጣለታል፣ ዲኤንኤው ይቆራረጣል፣ በሙቀት ይጸዳል። ቁርጥራጮቹ ከ80 እስከ 2000 ጥንድ ፊደል ገደማ ናቸው። ቅርፊት የለም፣ መግቢያ የለም፣ መቅጃ የለም። ወደ ልጅሽ እንዲተላለፍ ደግሞ እንቁላል ውስጥ መግባት ነበረበት። እንቁላሎችሽ ገና በእናትሽ ማህፀን ሳለሽ የተፈጠሩ ናቸው፣ የሚኖሩትም ፊትሽ ላይ አይደለም። የፊት ቆዳ ሴል ምንም ቢሆን ለልጅ አይወረስም።

ታዲያ ቆዳውን «የሚያድሰው» እንዴት ነው? ጂን በመለወጥ አይደለም። ቁርጥራጩና ፍርፋሪው ሴሉ ሽፋን ላይ ያለ የአዴኖሲን መቀበያ፣ ማለትም የኬሚካል መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን፣ እንደሚያነቃ፣ ፍርፋሪውም ለሴሉ ጥሬ ዕቃ እንደሚሆን ይታሰባል። የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ ጠቃሚ ውጤት ያሳየ ጥናት አለ። ለፊት ውበት ያለው መረጃ ግን በትንንሽና በአጭር ጊዜ ጥናቶች የተወሰነ ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ይህን ምርት ለውበት በመርፌ እንዲሰጥ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ አልፈቀደም።

ክሬሙን ተዪው። ያልቆሰለ ቆዳ ከ500 ዳልተን (የሞሌኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚበልጥ ሞሌኪውል እምብዛም አያሳልፍም። ከነዚህ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ትንሹ 50,000 ዳልተን ነው። ለማለስለሻ ከሆነ ቫዝሊን ይበቃሻል።

መርፌውን በተመለከተ ምክሬ ይህ ነው፦ ሳሎን ውስጥ በምንም ዓይነት አትወጊ። ልጅ እስክትወልጂና ጡት እስክታስጥዪ ደግሞ ሐኪም ጋርም ቢሆን ቆዪው፤ እርጉዝ ላይ ደህንነቱን የሚያረጋግጥ በቂ ጥናት የለም። የዓሣ አለርጂ ካለብሽ፣ ወይም ሉፐስና መሰል በሽታ ካለብሽ ጭራሽ አታስቢው። ከዚያ በኋላም ከፈለግሽ ፈቃድ ያለው የቆዳ ሐኪም ጋር ሂጂ። ምርቱ ፊትሽ ይከፈት፣ የመድኃኒቱ ስምና ቁጥር ይነበብልሽ።

ለምን ሳሎንን እንዲህ እንደፈራሁ ልንገርሽ። ሴልሽ ውስጥ ገብቶ የሚባዛ ባዕድ ዲኤንኤ ከዚያ ወንበር ላይ ሊመጣብሽ ይችላል፤ የሚመጣው ግን ከዓሣው ሳይሆን ከመርፌው ነው። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ ያልነበረው አንድ ስፓ በ2018 ተዘግቷል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በ2024 ባወጣው ዘገባ እዚያ ደምን መልሶ ፊት ላይ በመርፌ የመስጠት አገልግሎት ካገኙ ደንበኞች መካከል ኤችአይቪ የያዛቸው እንዳሉ ገልጿል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ከተወለድሽ በሕፃንነትሽ ያልተከተብሽ ትሆኛለሽ። ስለዚህ ለሳሎኑ ያሰብሽውን ገንዘብ ይዘሽ ክሊኒክ ሂጂና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጊ። ነፃ ከሆንሽ ክትባቱን ጀምረሽ ዙሩን ጨርሺ። ቫይረሱ ከተገኘብሽ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት።